የማር ብስኩት ሳይጠቁርና ሳይለሰልስ እንዴት ይጋገራል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለልጆቼ የማር ብስኩት ስጋግር ስኳሩን ሙሉ በሙሉ በማር እተካለሁ፤ ነገር ግን ጠርዙ ቶሎ ይጠቁራል፣ በማግስቱም ይለሰልሳል። መፍትሔ የምታውቁ ብታካፍሉኝ?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ ማር ከስኳር ቀድሞ ይጠቁራል፣ እርጥበትም ከአየር ይስባል፤ ስለዚህ የምድጃውን ሙቀት ከ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አያሳልፉ። ለ250 ግራም የፉርኖ ዱቄት 100 ግራም ለጋ ቅቤ፣ 60 ግራም ማር፣ 40 ግራም ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ቁንጥር ጨው ይበቃል። የተነጠረ ቅቤ ግን አልመክርም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ የማሩን መዓዛ ያጠፋዋል። ሊጡን በስሱ ዳምጠው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጋግሩት፤ ጠርዙ ቡናማ መሆን ሲጀምር መሃሉ ገና ለስላሳ ቢሆንም ያውጡት፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራልና። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ ከከደኑት ግን በእንፋሎቱ መልሶ ይለሰልሳል።

መልስ (ላሊበላ)፦ የእኛ አካባቢ ነጭ ማር ስለሚረጋ፣ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማሟሟት እንጂ እሳት ላይ መጣድ አይገባም። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ሶዳ ከበዛ ብስኩቱ ነፍቶ ይሟሽሻል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ኦቨን የሌላት ጎረቤቴስ ምን ታድርግ?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም አድርጋ ትጋግረው፤ የታችኛው ፍም ግን ሳሳ ይበል።