ሳሳ ያለ የሐር ጥልፍ ግድግዳ ላይ እንዴት ይሰቀላል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። መደቡም ጥልፉም ሐር የሆነ አሮጌ ጨርቅ ነው፤ ወርዱ 90፣ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ገበር የለውም። የላይኛው ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ሳስቷል። ከላይ በትንንሽ ሚስማር ቢያዝ ይጎዳል? ወይስ መስታወት ውስጥ ይግባ? ግድግዳው ከመስኮት ፊት ለፊት ነው።

ድርና ማግ
ሚስማሩን ይተዉት። ክብደቱ በሙሉ ሚስማሮቹ በያዟቸው ጥቂት ክሮች ላይ ያርፋል፤ በመካከላቸው ያለው ይረግባል፣ ቀዳዳዎቹ እየሰፉ ሄደው ይተረተራሉ። ከዛገማ እድፉ አይለቅም። ሙጫና ፕላስተርም እያደር ቢጫ ይሆናሉ፤ ሲላጡ ክሩን ይዘው ይነሳሉ።

የሚያዋጣው ቬልክሮ ነው፤ ሻካራና ለስላሳ ወገኑ ሲነካኩ የሚያያዝ ጥብጣብ። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ይግዙና ለስላሳውን ወገን 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ የጥጥ ጥብጣብ ላይ በመኪና ይስፉት። ጥብጣቡ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ይታጠብ፤ አለዚያ ኋላ ተኮማትሮ ጨርቁን ይሰበስበዋል። ከዚያ ጥብጣቡን ከላይኛው ጠርዝ ጀርባ በእጅ ይስፉ፦ በላይና በታች ጠርዙ፣ ደግሞም በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ታች። ቀጭን መርፌ፤ ክሩን ወግቶ ሳይሆን በክሮች መካከል ያልፍ። ጥብቅ አያድርጉት። የሳሳው ቦታ ጀርባ ላይ ቀድሞ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይደረብ።

ሻካራው ወገን በማይዝግ ስቴፕል እንጨት ላይ ይመታል። (ጨርቁ ላይ ቢሆን ሲጠቀለል ሐሩን ይቧጭረዋል።) እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ቫርኒሽ ይቀባ፣ ሽታው እስኪጠፋ ጥቂት ሳምንታት ይቆይ፤ ጥሬ እንጨት የሚያወጣው አሲድ ሐር ያደርቃል። ግድግዳው ላይ በፊሸርና በብሎን ይታሰር። ሲሰቅሉ ከመካከል ጀምረው ወደ ዳር ይጫኑ፤ የተጨማደደውን ቦታ ብቻ ላጥ አድርገው ያስተካክሉ።

ጥላ
እኔን ያሳሰበኝ መስኮቱ ነው። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ፊልም አልትራቫዮሌቱን ቢያግድም የሚታየውም ብርሃን ቀለም ያደበዝዛል፤ የደበዘዘ ደግሞ አይመለስም። ሙዚየሞች ለጨርቅ የሚይዙት ወሰን 50 ላክስ (የብርሃን መለኪያ) ገደማ ነው። ሌላ ግድግዳ ካለ ያዛውሩት፤ ከሌለ መጋረጃ ይዘጋ። ሦስት ወር ተሰቅሎ ቢወርድና ቢያርፍ ይመረጣል። ሲያርፍ አይታጠፍ፦ ከአሲድ ነጻ በሆነ ወረቀት የተሸፈነ ወፍራም ቱቦ ላይ ጥልፉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅለል።

ጠያቂ
ከጀርባ ቱቦ ሰፍቶ ዘንግ ማስገባትስ? መስታወቱስ?

ድርና ማግ
ዘንግም ይሆናል፤ ግን የተሰፋው ቱቦ ከጀርባ ላላ ይበል። ልክክ ካለ ዘንጉ ጨርቁን ወደ ፊት ይገፋውና ከላይ ጉብታ ይወጣል። የቬልክሮ ብልጫው ከተሰቀለ በኋላ ማስተካከል መቻሉ ነው።

ክፈፍ
መስታወቱን የሚወስነው የሐሩ ሁኔታ ነው። መደቡ በቁመት መሰንጠቅ ከጀመረ በምንም ዘዴ ተንጠልጥሎ አይኖርም፤ የጥጥ ጨርቅ በለበሰ ሰሌዳ ላይ ተሰፍቶ ክፈፍ ይግባ። መስታወቱ ጨርቁን ከነካው እርጥበት መካከላቸው ተይዞ ሻጋታ ያበቅላል፤ ስለዚህ በክፈፉ ውስጠኛ ጠርዝ ዙሪያ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር የሚያርቅ መለያያ ይግባ። በመስታወት ፈንታ የሚገባው አክሪሊክ (ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ቀላልና በቀላሉ የማይሰበር ነው፤ ሲወለወል ግን ኤሌክትሪክ ይይዝና የላላ የሐር ክር ይስባል፤ ለእንዲህ ያለ ጥልፍ መስታወት ይሻላል። ክብደቱን ሁለት ብሎን ይሸከም፣ አንድ አይበቃም።