ዲዝኒ ወርልድ ልንሄድ ነው ግን የሃሪኬን ወቅት ሆነብኝ
ሰላም ወገኖች፣ ከሜሪላንድ ነኝ። ከሴፕቴምበር 8 እስከ 13 ሁለቱን ልጆቼንና ከአዲስ አበባ የመጣችውን እናቴን ይዤ ኦርላንዶ ልሄድ ሁሉንም ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ያን ሰሞን ወረፋውም ዋጋውም ቀነስ ይላል ብዬ፣ ለካ ሃሪኬኑ የሚብሰው ልክ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። በ2024 ሚልተን የተባለው ሃሪኬን ሲመጣ ፓርኮቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ሆቴሉ ዲዝኒ ራሱ ጋ የተያዘ ቢሆን፣ ከመግባታችን በፊት ባሉት 7 ቀናት ለኦርላንዶ የሃሪኬን ማስጠንቀቂያ ከወጣ ቀኑን ያለ ቅጣት ይቀይሩልኛል። የኔ ሆቴል ግን ከፓርኩ ውጪ ነው፣ ሁለቴ ደወልኩ፣ ገንዘብ አንመልስም አሉኝ። እማዬ ደግሞ በ20 አገር ቤት ትመለሳለች፣ ወደ ኋላ መግፋት አልችልም፣ ይሄን ጉዞ ስንት ጊዜ ነው የጠበቅነው። ኢንሹራንስም ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ ከተገዛ ለሱ አይሰራም። እና ይሄንኑ ሆቴል እንደያዝኩ አሁኑኑ ኢንሹራንስ ልግዛ ወይስ የሆቴሉን ብር ትቼ ዲዝኒ ውስጥ ክፍል ልያዝ?