ለማስተማሪያ ቪዲዮ የትኛው ስክሪን መቅጃ ይሻላል?

መምህር_ዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤክሴል የሚያስተምሩ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚሄዱ ቪዲዮዎች ልሠራ ነው። ላፕቶፑ ኢንቴል፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 11 ነው፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። ስክሪንና ድምፅ ብቻ ነው የምቀዳው። ነፃ ሆኖ ዋተርማርክ የማይለጥፍ ምን አለ? አሁን በምሞክረው የሴሎቹ ጽሑፍ ይደበዝዝብኛል።

ሽቦ፦
ኦቢኤስ ስቱዲዮ። ዋተርማርክም የሰዓት ገደብም የለውም። ስትከፍተው ጥቁር ሆኖ ይጠብቅሃል፤ «ሶርስስ» ሥር ያለችውን የመደመር ምልክት ተጭነህ «ዲስፕለይ ካፕቸር» ጨምር።

ድብዝዝታው አብዛኛውን ጊዜ ከሬዞሉሽን ነው። ሴቲንግ ገብተህ «ቪዲዮ» ላይ ቤዝና አውትፑት የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ታገኛለህ። ስክሪንህ 1920 በ1080 ከሆነ ሁለቱም እሱኑ ይሁኑ። አውትፑቱ 1280 በ720 ላይ ከቀረ ምስሉ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎዱት ቀጫጭን ፊደላት ናቸው። ኤክሴሉንም ከመቅዳትህ በፊት ወደ 150 ፐርሰንት አጉላው፤ ተማሪው በስልክ ነው የሚያየው።

ፍሬም በሰከንድ 30 ይበቃል፣ ለሠንጠረዥ 60 ምን ያደርጋል? ኢንኮደሩን፣ ማለትም ቪዲዮውን የሚጨምቀውን፣ የኢንቴሉን ኩዊክሲንክ አድርገው። ኤክስ264 የሚባለው ኢንኮደር ሲፒዩውን ይወጥርና ኤክሴሉም ቅጂውም አብረው ይንተፋተፋሉ።

ቁርጥራጭ፦
ሽቦ በተናገረው ላይ ልጨምር፦ የፋይሉን ዓይነት ኤምኬቪ አድርገው። ተራ ኤምፒ4 መዝጊያው የሚጻፈው ቅጂው ሲያልቅ ስለሆነ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይ ኮምፒውተሩ ቢደርቅ ፋይሉ አይከፈትም። ኤምኬቪ ግን እስከተቀዳበት ድረስ ይተርፋል። ሲያልቅ «ፋይል» ውስጥ «ሪማክስ ሬኮርዲንግስ» በል፤ ጥራቱ ሳይነካ በሰከንዶች ኤምፒ4 ይሆናል። ቦታ ካሳሰበህ፣ በሰከንድ 6000 ኪሎቢት ከቀዳህ 1 ደቂቃ 45 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል።

አርታኢ፦
ሁለታችሁም የመቅዳቱን ነገር ነው ያያችሁት። ጊዜ የሚበላው ኤዲቲንጉ ነው፤ ኦቢኤስ ደግሞ አይቆርጥም፣ አይቀጥልም። አንድ ሴል ላይ ደጋግመህ ዙም የምታደርግ ከሆነ መቅጃና ኤዲተር አብሮ የያዘው ካምቴዢያ ይሻልሃል። ይከፈልበታል፤ ግን ከርሰሩን (የማውሱን ቀስት) ከምስሉ ለይቶ ስለሚይዘው ከቀዳህ በኋላም ማተለቅ ወይም መደበቅ ትችላለህ። በኦቢኤስ ከርሰሩ ምስሉ ላይ ይጋገራል፣ አለቀ።

ዊንዶውስ ላይ ያለው ጌም ባር ይበቃኛል ብለህ ግን እንዳትጀምር፤ ዴስክቶፑንና ፋይል ኤክስፕሎረርን አይቀዳም።

መምህር_ዳ፦
አመሰግናለሁ፣ በኦቢኤስ ልጀምር። ድምፁስ? ማስተጋባት አለው፣ የፋኑም ጩኸት ይገባል።

ሽቦ፦
ማስተጋባቱ ማይኩ ሁለት ቦታ ገብቶ ይሆናል። «ኦዲዮ ሚክሰር» ላይ ስትናገር ሁለት መስመር አብሮ ከዘለለ አንዱን ዝጋ። አንዱ ብቻ ከሆነ ክፍሉ ነው፤ ማይኩን ወደ አፍህ አስጠጋ፣ ከአንድ ስንዝር ብዙ አይራቅ። ለፋኑ ማይኩ ላይ «ፊልተርስ»፣ ከዚያ «ኖይዝ ሰፕረሽን»፣ ከዚያ አርኤንኖይዝ የሚለውን ምረጥ። ስትናገር መለኪያው ቢጫው ላይ ይዋል፤ የቀዩ መጨረሻ ላይ ከደረሰ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ በኋላም አይጠገንም።

ቁርጥራጭ፦
የብሉቱዝ ማዳመጫ ማይክ ደግሞ አትጠቀም። ማይኩ ሲበራ ማዳመጫው ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል። ርካሽም ቢሆን ባለ ሽቦ ይሻላል።