ታች ያለው የማሽን ኦፕሬተር ላይኛውን ክፍል እንዴት ይጥራ? ሽቦ አልባ መብራትና አላርም የሞከራችሁ እስኪ ምከሩኝ

ቀለም በእጄ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለች አነስተኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ የምርት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሕንፃው አሮጌ ነው። ኦፍሴት ማተሚያ ማሽኖቹ ምድር ላይ ናቸው። ጥረዛው አንደኛ ፎቅ፣ ፕሌት (የሚታተመው ገጽ ያለበት፣ ማሽኑ ላይ የሚታሰር ስስ ብረት) የሚወጣው ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ያንን ደረጃ በቀን ስንቴ እንደምወጣው ጉልበቴን ጠይቁት።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ታች ያለው ኦፕሬተር ፕሌት ሲቧጨርበት ሌላ ይፈልጋል። ማጠፊያ ማሽኑ እየሠራ ከሆነ አጠገቡ የቆመ ሰው እንኳ አይሰማውም። ስልክ እንዳይደውል እጁ በቀለም ተለውሷል። ቢደውልም ላይ ያለው ልጅ አያነሳም፤ ወይ ሳይለንት አድርጎታል፣ ወይ ጥግ ላይ ቻርጅ ሰክቶታል። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ማሽኑን አቁሞ ራሱ ይወጣል። ሲመለስ የውኃውና የቀለሙ ሚዛን ተዛብቶ ይጠብቀዋል። ባለፈው ሳምንት አንዴ ቆሞ እስኪስተካከል የተጣለውን ወረቀት ቆጠርኩት፤ 140።

ባለፈው ወር ከመርካቶ ሽቦ አልባ የበር ደወል ገዛሁ። ቁልፉን ማሽኑ ጎን፣ ደወሉን ፕሌት ክፍል አደረግኩት። ሁለት ቀን እንደ ሰዓት ሠራ። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይነካው መጮህ ጀመረ። ልጁ እየሮጠ ይወርዳል፤ ኦፕሬተሩ «ማን ጠራህ?» ይለዋል። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ልጁ አልወረደም። እሱ ደግሞ የእውነት ጥሪ ነበር። ኦፕሬተሩ «ይመጣል» ብሎ ሃያ ደቂቃ እጁን አጣምሮ ቆመ። አለቃዬ አሁን ድረስ «ያ መጫወቻሽ እንዴት ነው?» ይለኛል።

አሁን ደህና ነገር ማስገባት እፈልጋለሁ። ግድግዳ በስቶ ሽቦ መዘርጋት አከራዩ አይፈቅድም። ባለ አምስት ቀለም የምልክት መብራት ከነአላርሙ አይቻለሁ። እሱን ልግዛ?

ሽቦ ወዳድ፦

እህቴ፣ ደወልሽ ምንም አልሆነም። ጎረቤት እየደወለልሽ ነው። ርካሾቹ ደወሎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በ433 ሜጋኸርዝ ነው፤ ብዙ የመኪና ሪሞትም እዚያው ሰፈር ነው። የቁልፉን ክዳን ክፈቺና ቺፑ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ፒቲ2262 የሚል ከሆነ አጠገቡ በብየዳ የሚያያዙ 8 ነጥቦች ታያለሽ። እያንዳንዱ ከፕላስ ጋር፣ ከማይነስ ጋር ወይም ባዶ ሊሆን ይችላል። ሲባዛ 6,561 የተለያየ ኮድ ነው። ግን ፋብሪካው ሁሉንም ባዶ ትቶት ከወጣ፣ ያንኑ ዕቃ የገዛ ሁሉ የአንቺን ደወል ይደውላል። ሁለት ሦስቱን አስበይጂ፤ ተቀባዩም ላይ ልክ እንደዚያው ይሁን።

ኢቪ1527 ከሆነ ደግሞ ብየዳ አያስፈልግም። እሱ ኮዱ ከፋብሪካ የተቀረጸ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዓይነት አለው። ተቀባዩ ላይ ባለችው ትንሽ ቁልፍ የድሮውን አጥፍተሽ የራስሽን ታስተምሪዋለሽ።

ስለ ርቀት አትጨነቂ። ኮንክሪትና ብረት ያለበትን ወለል 433 ከዋይፋይ በተሻለ ያልፋል። ተቀባዩን ግን ከብረት ቁም ሳጥን ጀርባ አትደብቂው፤ በደረጃው በኩል አድርጊው። ከውስጡ ወደ 17 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሎ ካየሽ አንቴናው እሱ ነው። «አላስፈላጊ ነው» ብሎ የሚቆርጠው ባለሙያ አይቼ አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው እንኳ አልሰማ አለ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የማሽኑን ማቆሚያ፣ ያንን ቀዩን እንጉዳይ የሚመስል ቁልፍ፣ በዚህ ዓይነት ሪሞት እንዳትተኪው። ርካሽ ሪሞት ባትሪው ሲያልቅ ለማንም አይናገርም። ጥሪ ቢቀር ፕሌት ይዘገያል። ወረቀት መቁረጫው ላይ ግን የሰው እጅ አለ።

የስፌቱ ሰው፦

እኔ ልብስ ስፌት ላይ ነው ያረጀሁት፤ ግን በሽታው አንድ ነው። ካይዘን (የጃፓኖቹን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) የሠለጠናችሁ አንዶን የሚባለውን ታስታውሱ ይሆናል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ካይዘን ሲባል ያልሰማ ፋብሪካ ጥቂት ነው። አንዶን ጃፓንኛ ነው፤ የወረቀት ፋኖስ ማለት ነው። ቶዮታ ውስጥ ሠራተኛው ገመድ ይስባል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል። መኪናው ከዚያ ጣቢያ እስኪያልፍ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ስልጠና የወሰደ ሰው ሁሉ ገመዱን ያስታውሳል። የሚመጣውን ሰውዬ ግን ይረሳዋል።

ልጄ፣ ባለ አምስት ቀለሙን ተዪው። እኛ ገዝተን ነበር። ቀይ ለአደጋ፣ ቢጫ ለእክል፣ አረንጓዴ ለደህና። ይሄ በየማሽኑ ያለ ልማድ ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ሰማያዊውና ነጩ ግን ሥራ ፈቱ። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ በሰማያዊው ሻይ ሲጠሩበት ደረስኩ። ለአንቺ ቢጫ ብቻ ይበቃሻል። ቀዩን በምንም ምክንያት ለፕሌት ጥሪ አታድርጊው፤ የእውነት የጨነቀ ቀን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ዋናው ጉድለትሽ ሌላ ነው። ኦፕሬተርሽ ሃያ ደቂቃ የቆመው መሰማቱን ስላላወቀ ነው። ሁለተኛ ጥንድ ግዢና ገልብጠሽ ስቀዪው። ቁልፉ ፕሌት ክፍል፣ መብራቱ ታች ማሽኑ ላይ። ልጁ ጥሪውን ሲያይ ይጫናል፤ ታች አረንጓዴ ይበራል። «ሰማሁ፣ መጣሁ» ማለት ነው። አረንጓዴ ካልበራ ኦፕሬተሩ አይጠብቅም፤ ተነሥቶ ይሄዳል።

ስለ ጩኸቱ ደግሞ፣ አላርም ሊሰማ ከአካባቢው ድምፅ ወደ 15 ዴሲቤል መብለጥ አለበት ይባላል። ማጠፊያችሁ 85 አካባቢ ከሆነ 100 የሚጮህ ነገር ልትሰቅዪ ነው። ቀኑን ሙሉ 85 መስማት ራሱ ጆሮ ይጎዳል። ታች መብራት ይበቃል፤ ድምፁ ላይኛው ጸጥ ያለ ክፍል ይሁን።

አላፊ አግዳሚ፦

መብራት ሲሄድስ? 😂

ሽቦ ወዳድ፦

ሲሄድማ ማሽኑም ይቆማል፣ ማን ማንን ይጠራል? ጣጣው ሲመለስ ነው። በርቶ የነበረው ጥሪ ጠፍቶ ይመጣል፣ ላይ ያለው ልጅ የተጠራ አይመስለውም። መብራት በመጣ ቁጥር ድጋሚ መጫን ልማድ ይሁን። ወይ ተቀባዩን በትንሽ 12 ቮልት ባትሪ ደግፉት።

የነጭ ወረቀት ጓደኛ፦

እኔም ጥረዛ ላይ ነኝ፣ ሌላ ቤት። መስማት የተሳናት ባልደረባ አለችን፤ ስለ መብራት ከሁላችንም በላይ የምታውቅ እሷ ናት። ተቆጣጣሪያችን መብራቱን ጣሪያ ጥግ ሰቀለው። ማንም አያየውም ነበር፤ ወረቀት የሚያሰባስብ ሰው አንገቱ ሁሌ ወደ ታች ነው። እሷ አውርዳ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ወደ ወረቀቱ አዙራ አሰረችው። ሲበራ ነጩ ወረቀት በሙሉ ቢጫ ይሆናል። ቀና ማለት እንኳ አያስፈልግም። እህቴ፣ ከመስቀልሽ በፊት ኦፕሬተርሽ ሲሠራ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ተመልከቺ።

ቀለም በእጄ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ስምንቱም ነጥብ ባዶ። ጎረቤቱንም አገኘሁት፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ቢሮ ነው። ለካ እነሱም በእኛ ጥሪ በር ሲከፍቱ ከርመዋል። ጸሐፊዋ «እኛማ ጋኔን መስሎን ጠበል ረጭተናል» አለችኝ። ሦስት ነጥብ አስበየድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም ሰላም ነን።

ጋሼ የስፌቱ ሰው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛውን ጥንድ እንዳሉት ገልብጬ ሰቅዬዋለሁ። ኦፕሬተሩ ቢጫውን ይጫናል፣ አረንጓዴውን ያያል፣ ሥራው ላይ ይቆያል። ትናንት የተጣለው ወረቀት 35 ነበር። አንድ ቀን ልጁ አረንጓዴውን ተጭኖ ሳይወርድ ቀረ፤ እሱን በሌላ መንገድ አነጋግረነዋል።

የወረቀቱም ምክር ሠራ። ኦፕሬተሩ ዓይኑ የታተመው ወረቀት የሚወርድበት ላይ ስለሆነ መብራቱን እዚያ አሰርኩት። ግን ቀለም ሲመረምር ወረቀቱ ቢጫ እየሆነበት ተቆጣ። ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርጌዋለሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ቢጫ ሽፋን አጥቼ ከዘይት ጀሪካን ቆርጬ አምፖሉን አልብሼዋለሁ። አምፖሉ ኤልኢዲ ነው፣ ስነካው ብዙም አይሞቅም። ሽቦ ወዳድ፣ ይቀልጥብኝ ይሆን?

ሽቦ ወዳድ፦

ኤልኢዲ ከሆነና ብዙም ካልሞቀ አይቀልጥም። ከላይ በኩል ግን ሁለት ቀዳዳ ብሺለት። ፎቶ ላኪልን ደግሞ።