የመቅደላ ብራናዎች ቢመለሱ ቁልፉን ማን ይያዝ?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት አንድ አባል "እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዷቸው ብራናዎች ይመለሱ" ብሎ ጻፈ። ሁሉም "አሜን" አለ። ከዚያ አንዱ "ይመለሱ፣ ግን ለማን?" ብሎ ጠየቀና አሜን ያለው ሁሉ ተጣላ። ስለዚህ ዛሬ በወግ እንከራከር። ብራናዎቹ ቢመጡ ባለቤታቸው ማን ነው? መንግሥት፣ ቤተ ክህነት፣ ወይስ መጀመሪያ የነበሩበት ደብር?

ለማያውቅ በአጭሩ ላስታውስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ዘረፈ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ወረደ። እዚያ ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር ስለነበር ደህና ደህናውን ገዛ። ለሙዚየሙ የደረሰው ብራና ወደ 350 ይሆናል፤ ዛሬ ያለው ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ስድብ የለም፣ ዘር ቆጠራም የለም። ቀጥሉ።

የጎንደር ልጅ፦
እኔ አላንዛዛም። የጎንደር ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ የአድባራቱን መጻሕፍት አግዘው መቅደላ አወጡ። ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ይሁን ብለው ነው፤ ሐሳባቸው ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን የደብሩን ካህናት ጠይቀው አልወሰዱም። እንግሊዝ የዘረፈው አንዴ የተዘረፈውን ነው። "ለመቅደላ ይመለስ" ወይም "አዲስ አበባ ይቀመጥ" ሲባል ለእኔ ዕቃዬን ከሌባው ተቀብሎ ለሌላ ሰው እንደ መስጠት ነው።

ጠበቃዋ፦
ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን ለንደን ሄዶ "እኔ ነኝ ባለቤቱ" ብሎ የሚቆመው ማን ነው? የደብሩ አለቃ? አንድ አገር ሌላ አገርን ሲጠይቅ የሚጠይቀው በመንግሥት አፍ ነው። በእኛ አዋጅ 209/1992 መሠረት ደግሞ ቅርስ የመንግሥትም የግለሰብም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንግሥት ተቀበለ ማለት የደብሩ ባለቤትነት ቀረ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ይግባ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ እንካሰሳለን።

ነገር ፈላጊ፦
"ቤት ውስጥ እንካሰሳለን" 😂 ስንት ዓመት? ብራናው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሻግት?

ሁላችሁም የምትሸሹትን ልናገር። እኛ አገር የቀረው ብራና ምን ሆነ? በትግራይ ጦርነት ጊዜ ከአብያተ ክርስቲያናት የወጣ ብራና በኢንተርኔት ለሽያጭ መቅረቡን ሰምተናል። ከዚያ በፊትም ለቱሪስት ሥዕሉን በምላጭ ቆርጦ መሸጥ ነበረ። ለንደን ያለው ግን ቅዝቃዜው ተለክቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ አንዳንዱም ፎቶ ተነስቶ ኢንተርኔት ላይ አለ። እኔ ዛሬ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አነበዋለሁ። አንተ ጎንደር ሆነህ የራስህን ደብር መጽሐፍ ለማየት ስንት ሰው ታስፈቅዳለህ? ቆዳው የትም ይቀመጥ። ጽሑፉ የሁላችንም ሆኗል።

የጎንደር ልጅ፦
ስለዚህ ቤቴን ዘርፎ ፎቶውን ቢልክልኝ ላመስግነው?

ነገር ፈላጊ፦
ቤትህ እየፈሰሰ ከሆነ ዕቃውን ከማበስበስህ በፊት ጣሪያውን ስራ ነው የምልህ።

መቃ ብዕር፦
ልጆች፣ እኔ ትንሽ ልዘገይባችሁ ነው። ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ፣ ቁም ጽሕፈት ተምሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። "ቆዳው የትም ይቀመጥ" የሚለው ቃል አላስተኛኝም።

አንድ አሮጌ መጽሐፍ እጃችሁ ሲገባ አታንብቡት። መጀመሪያ ዳብሱት። የፍየል ቆዳ ነው ብዙውን ጊዜ። በአንድ ወገን ጠጉሩ የነበረበት ነው፤ ይህ ትንሽ ይቢጫል፣ ቀዳዳዎቹም ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። የሥጋው ወገን ነጭና ለስላሳ ነው። ቆዳው ሲገፈፍ ቢላዋ ያለፈበት ቦታ ክብ ቀዳዳ ይሆናል። ጸሐፊው ወይ በጅማት ይሰፋዋል፣ ወይ ዘሎት ይጽፋል። ዘሎ ከጻፈ ቀዳዳው ከጽሑፉ በፊት ነበረ። ቃሉ ከተቆረጠ ግን ቀዳዳው በኋላ መጣ፤ አይጥ ወይም ሌባ ነው። መስመሩ ደግሞ ቀለም የለውም። ዳር ዳሩ በወስፌ ተወግቶ፣ ከውግ እስከ ውግ ቆዳው ተጭኖ ነው የሚሰመረው። ጣታችሁን ብታሳልፉ ትሰሙታላችሁ።

ገበታው፣ የሽፋኑ እንጨት ማለቴ ነው፣ ወይ ዋንዛ ነው ወይ ወይራ። ተሰንጥቆ ከሆነ በክር ይጠገናል፣ እንዲያውም ጠጋኙ ሁለት ሦስት ሰው ነው፣ ክሩ ይለያያልና። በላዩ ቀይ ቆዳ ለብሶ ይደጎሳል። ከቆዳው ውስጥ በኩል አንዳንዴ ቁራጭ ጨርቅ ይለጠፋል። አንዳንዱ ሐር ነው፣ ከሩቅ አገር የመጣ። ከዚያ ማኅደሩ አለ፣ መጽሐፉ የሚገባበት የቆዳ ከረጢት፣ ማንገቻ ያለው። ማኅደሩ ላይ የትከሻ ላብ ቀርቶበታል። ይህን ሁሉ ፎቶ አያሳይህም ነገር ፈላጊ፣ ወይ ያሳይህና አታየውም።

አሁን ወደ ባለቤቱ። መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። መጨረሻው ላይ ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደሰጠው ይጻፋል። ከዚያ ግዝቱ ይከተላል፣ "ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን"። የሰረቀው ብቻ አይደለም የተወገዘው፣ የፋቀውም ነው። ለምን መሰላችሁ? የሚፋቅ ስለነበረ ነዋ። መጽሐፉ በውርስም በሽያጭም በዝርፊያም እጅ ይለውጣል፣ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በቢላ ፍቆ የራሱን ያስገባል። በጸሎቱ መሃል "ለገብርከ" (ለአገልጋይህ) ካለ በኋላ ያለው ስም በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቆዳው እዚያ ቦታ ላይ ሻካራ ነው።

ስለዚህ "የጎንደር ነው"፣ "የመንግሥት ነው" ብላችሁ 350 መጽሐፍ በአንድ ቃል አትጠቅልሉ። እያንዳንዱ ተከፍቶ ይነበብ። የደብሩ ስም ያለበት ለደብሩ። ስም የሌለበት ያኔ ትከራከራላችሁ።

ለንደን ያለሁት፦
መምህር፣ እጅዎን ይባርክ። እኔ ከመቅደላ መጻሕፍት አንዱን አይቻለሁ። ጠይቄ፣ ተመዝግቤ፣ ቦርሳዬን ውጭ ትቼ። መጽሐፉን በስፖንጅ ትራስ ላይ አስተኝተው ሰጡኝ። ቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ትንንሽ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ማርያም የሚለው ስም ሁሉ በቀይ ነው። አንድ ገጽ ላይ ቢጫ ጠብታ አየሁ፣ የጧፍ ሰም ነው። ቀና ስል አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው በዝምታ ያነባል። ይህ ሰም የተንጠባጠበው ሰው እየዘመረ እያለ ነው ብዬ አሰብኩና... ይቅር፣ አልቅሼ ጠባቂዋ መሐረብ ሰጠችኝ። ብራናው ላይ እንዳላንጠባጥብ ፈርታ ነው መሰለኝ 🙂

ነገር ፈላጊ እንክብካቤውን በተመለከተ እውነት ተናግሯል። እዚህ ተይዟል። ግን አያያዝ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። የጎረቤቴን ልጅ ከእናቱ አሳምሬ ባለብሰው የእኔ አይሆንም።

ጠበቃዋ፦
የእንግሊዞቹ መልስ ሁልጊዜ "ሕግ ከልክሎናል" ነው። ሙዚየሙ በ1963 እ.ኤ.አ. ሕግ ታስሯል፣ ላይብረሪው ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የተቋቋመ ነው። ነገር ግን በ2009 እ.ኤ.አ. የናዚ ዘመን ዝርፊያን ለመመለስ ለብሔራዊ ሙዚየሞች የተለየ ፈቃድ ሰጥተዋል። ስለዚህ ሲፈልጉ ሕጉ ይከፈታል። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 እ.ኤ.አ. "በረጅም ጊዜ ውሰት እንስጣችሁ" ማለቱንም አስታውሱ። የራስህን ዕቃ በውሰት!

ነገር ፈላጊ፦
ውሰቱን ብትቀበሉ እኮ ዕቃው አዲስ አበባ ነበር። ኩራት ነው እንጂ ያጎደላችሁ...

ጠበቃዋ፦
ውሰት ፈርመህ ተቀበልክ ማለት "ያንተ ነው" ብለህ ፈረምክ ማለት ነው። ነገ ፍርድ ቤት ያንን ወረቀት ያወጡልሃል። ይህ ኩራት አይደለም፣ ሀሁ ነው።

አወያይ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ የተረሳ ስለሆነ። አንድ ብራና ተመልሷል። አፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትን ጠየቁ። ያሉት ነገር ይገርማል፤ በመጽሐፉ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም አለ፣ ያለ እሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ነው ያሉት። ከመቅደላ የተወሰደው ክብረ ነገሥት ሁለት ቅጂ ነበርና አንዱን ላኩላቸው። ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን የክርስቶስ ሥዕልም ጠይቀው ነበር። እሱ ግን ሆምስ እጅ ነበረ፣ ሰውየው ዝም አለ።

የጎንደር ልጅ፦
አያችሁ? ለንጉሡ ሰጡ። ከየት ደብር እንደመጣ የጠየቀ የለም።

መቃ ብዕር፦
ንጉሡ ግን ለምን እንደፈለጉት ልብ በሉ። ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ባዶ ቅጠሉ ላይ ለተጻፈው ነው። መጽሐፍ ሲጠረዝ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ባዶ ቅጠል ይተዋል። ያ ባዶ ቅጠል ያገሩ መዝገብ ቤት ነበረ። እገሌ ይህን ጉልት፣ ይህን መሬት፣ ለዚህ ደብር ሰጠ፣ ምስክር እገሌና እገሌ። ወንጌል ላይ የተጻፈ ውል አይካድም። ወንጌል ዘወርቅ የሚባለውም የወርቅ ገበታ ስላለው ብቻ አይደለም፣ የደብሩ ርስት እዚያ ስለሰፈረ ነው። መጽሐፉን ከደብሩ ስታወጣው ካህኑን ከመሬቱ ትነቅለዋለህ። መቅደላ ላይ የተጫነው ይህ ነው።

ነገር ፈላጊ፦
እሺ ይህን አላውቅም ነበር። ግን መምህር፣ ዛሬ በዚያ ጉልት የሚተዳደር ደብር የለም። የመሬት አዋጁ በ1967 ዓ.ም. ወጣ፣ አለቀ።

መቃ ብዕር፦
አለቀ። ታሪኩ ግን አላለቀም። ልጄ፣ የአያትህን የጋብቻ ውል ጋብቻው አለቀ ብለህ ትጥለዋለህ?

የእኔ ቅሬታ ግን ከለንደን ጋር ብቻ አይደለም፣ ልናዘዝ። ልጅ ሳለሁ አንድ ደብር ውስጥ ዳዊት አየሁ፣ በሣጥን ውስጥ። ጣሪያው ያንጠባጥባል። ብራናው እንደ ድንች ልጣጭ ተጠቅልሎ ነበር። "አባቴ፣ ይህ ይውጣና ይድረቅ" ብል "አንተ ምን አግብቶህ" ተባልኩ። የነገር ፈላጊ ጥርጣሬ ከሰማይ አልወረደም። የሚመለሰው መጽሐፍ ወደዚያ ሣጥን እንዳይገባ እፈልጋለሁ።

የጎንደር ልጅ፦
መምህር፣ እርስዎም እንግዲህ?

መቃ ብዕር፦
ባለቤቱ ደብሩ ይሁን፣ የሚተኛበት ቤት ደረቅ ይሁን ነው የምለው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አለ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ደብሩ ባለቤት ሆኖ ያስቀምጥበት፣ ለበዓሉ ይዞት ይውጣ። ደግሞ ስሙ አይፋቅ።

ጠበቃዋ፦
ይህ በሕግ "አደራ" ይባላል። በውል ይቻላል። ከሁለት ገጽ አይበልጥም፣ ልጽፈው እችላለሁ።

የጎንደር ልጅ፦
በአደራ ከሆነ... ላስብበት። ቁልፉ ግን ሁለት ይሁን። አንዱ እኛ ጋ።

ለንደን ያለሁት፦
ሐሙስ እንደገና እገባለሁ። መምህር፣ ከኢንተርኔቱ አንድ ገጽ ላክሁልዎ። መጨረሻው ላይ ሦስት መስመር ተፍቋል። ከፍቀቱ በላይ ሌላ ስም አለ። ከሥር የቀረው "ዘ" ("የ" ማለት) ብቻ ነው፣ ከዚያ ቀዳዳ።

ነገር ፈላጊ፦
አየሁት። አጉልቼ አጉልቼ ስልኬ ጋለ። ከቀዳዳው ቀኝ የፊደል እግር ይታያል፣ ወይ "ደ" ነው ወይ "ጸ"። ቃሉ ተቆርጦ ይሁን ተዘልሎ ግን ከፎቶው አይለይም።

እህቴ፣ ሐሙስ ስትገቢ ቅጠሉን ወደ መብራት አንስተሽ ከጀርባው እይልኝ እስቲ።