ክርክር፦ ጎንደር ላይ የመስታወት ህንፃ ይከልከል?

አድሚን፦ የሳምንቱ ጥያቄ። ህንፃዎች የሚለቁትን ካርቦን ለመቀነስ ከተማችን ውስጥ ፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት የሆነ አዲስ ህንፃ ይከልከል፣ ድንጋይ ግዴታ ይሁን ያለ አባል አለ። ትስማማላችሁ? ተሳዳቢ ይወጣል።

የፒያሳዋ፦ ይከልከል! ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በምዕራብ በኩል መስታወት ብቻ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትገጥመናለች። መጀመሪያ መጋረጃ ሰቀልን፣ ከዚያ ጋዜጣ፣ አሁን የኮምፒውተር ካርቶን ለጥፈንበታል። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተን ነው የምንሠራው። መጋቢት ላይ ደግሞ ሦስት ቬንትሌተር ተገዛ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠን! እስቲ ፋሲል ግንብ ግቡና ወፍራም ግድግዳ ምን እንደሚሠራ እዩ።

ጋሼ ጡረተኛው፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ። የዱባይ ፎቶ አይቶ ጎንደር ላይ መገንባት ምን የሚሉት ነው?

ሳይት ኢንጂነር፦ እህቴ ካርቶኑ አስቆኛል፤ ግን ቬንትሌተርሽ ይህን ያህል ካርቦን የለበትም። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ ህዳሴም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። አውሮፓ ቤቱን በጋዝ ስለሚያሞቅ ስለ ግድግዳና መስኮት ቢጨነቅ እውነቱን ነው። የእኛ ህንፃ ግን ካርቦኑን ሪባን ሳይቆረጥለት ለቆ ጨርሷል፤ በሲሚንቶና በፌሮ። ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር ሲመረት ነዳጁን ተዉት፣ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል በ1 ቶን ክሊንከር ግማሽ ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል።

የፒያሳዋ፦ ታዲያ ድንጋይ ይሁን ያልነው ለዚሁ አይደል?

ግንበኛው፦ አይደለም እታለም። 50 ሳንቲም የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ስትገነቢ ከባለ 20 ሳንቲም ብሎኬት ግድግዳ የበለጠ ሲሚንቶ ነው እሚበላ። ድንጋዩ እኩል ስላልሆነ መሃሉን ማን ይሞላዋል? ሲሚንቶና አሸዋው ነው። አፄ ፋሲል የገነቡት በኖራ ነው። ኖራ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው እሚደርቅ፤ የዛሬ ባለንብረት ለፋሲካ ኪራይ መቀበል ይፈልጋል።

ሳይት ኢንጂነር፦ ልክ ነው። ኖራ እየደረቀ ካርቦኑን ከአየር መልሶ ይወስዳል፤ ሲቃጠል ግን እንጨት ይበላል። ደግሞ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከጫንክ ምሰሶውም ፌሮውም ይወፍራል። አንድ ፎቅ ላይ እሺ፣ አምስት ላይ አልፈርምም።

ባለቦታው፦ የኔ ቦታ ፊቱ 8 ሜትር ነው። በብሎኬት ፋንታ ድንጋይ ካደረግሁ ግራ ቀኙ ሲደመር 60 ሳንቲም ሱቅ ሄደ። ኪራዩን ማን ይከፍለኛል? ቅርሱ አጠገብ መስታወት አይቁም ብትሉ ይገባኛል። ከቅርሱ ርቆ አዘዞ ድረስ ምን አመጣችሁ?

የማራኪዋ፦ ስለ ግድግዳ ስታወሩ እሳቱን ረሳችሁት። ተከራይ ነኝ፤ ግቢው ውስጥ ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። አከራይዋ «ምጣድ አይሰካም» ብለዋል፤ አልፈርድባቸውም፣ አንድ ሁለቱ ከሰኩ ቆጣሪው ይወድቃል። ስለዚህ እንጀራው በእንጨት ጓሮ፣ ወጡ በከሰል። ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሥራ የምገባበት ቀን አለ። መብራቱ ከውሃ ነው አላችሁ፤ እኔ ዘንድ ደርሶ ነው? ለኪራይ የሚሠራ ቤት ፈቃድ ሲሰጥ ለየቤቱ ምጣድ የሚችል መስመርና የራሱ ቆጣሪ ግዴታ ይሁን። መስታወቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ባለቦታው፦ ይህን ወጪ እንኳ እችላለሁ። ከድንጋዩ ይሻለኛል።

ሳይት ኢንጂነር፦ ድምፄን ለማራኪዋ። ሲሚንቶውን ግን አልተውኩም፤ «ለጥንቃቄ» እያልን ምሰሶውን ከሚገባው በላይ የምናወፍረው እኛው ነን።

የፒያሳዋ፦ ካርቶኔስ?

አድሚን፦ የቆጣሪው ጉዳይ ለብቻው ይነሳ። ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆየን።

የማራኪዋ፦ የከሰሉ ጆንያ እስከዚያ ከደረሰልኝ እመጣለሁ።