ሻንሲዋ ለዛገ ላንድሮቨር ሌላ መኪና ሙሉዋን ገዝቶ ለመለዋወጫ መፍታት ያዋጣል ወይ?

ጥያቄ (ከሱሉልታ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ ላሞች አረባለሁ፤ ድርቆሽና ወተት የማመላልስበት መኪና ስለሚያስፈልገኝ ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት በጨረታ ካወጣቸው መካከል ለዓመታት ቆማ የኖረች ባለ 109 ኢንች (ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት ነው) ላንድሮቨር ሲሪየስ 3 ፒካፕ በርካሽ ገዛሁ። ባለ 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተሯ ብሎኩ ተሰንጥቋል፤ ካምቢዮው ጭነት ሲይዝ ከማርሽ ይወጣል፤ ሻንሲዋም፣ ማለትም መኪናዋን ከሥር የሚሸከመው የብረት አጽም፣ በኋላ በኩል ዝጓል። ቦዲዋ አሉሚኒየም ስለሆነ ግን ከሩቅ ሲያዩዋት ደህና ትመስላለች፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

አሁን በሆለታ መንገድ አንድ ሰው የተገለበጠች ባለ 88 ኢንች ሲሪየስ 3 ሊሸጥልኝ ፈቅዷል። እስከተገለበጠችበት ቀን ድረስ በየዕለቱ ትሠራ ነበር። የሰፈሬ መካኒክ ሞተሩንና ካምቢዮውን ብቻ ግዛ ይለኛል፤ ባለቤቱ ግን ነጣጥሎ አይሸጥም። ሙሉዋን ብገዛ ከአጭሯ ላይ የትኛው ዕቃ ለረጅሟ ይሆናል? ሻንሲውንስ በብየዳ ማዳን ይቻላል? መኪናዋን ወድጃታለሁ፤ ነገር ግን የማይመለስ ገንዘብ ማፍሰስ አልፈልግም።

መልስ (ጋራዥ፣ ገላን)

ወንድሜ፣ ስለ ሞተሩ ከማሰብዎ በፊት ትንሽ መዶሻ ይያዙና ከመኪናዋ ሥር ይግቡ። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እየመቱ ያዳምጡ፤ ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው ይታፈናል፣ አንዳንዴም መዶሻው ዘልቆ ይገባል። ከሁሉ በላይ መፈተሽ ያለባቸው ከኋላ ያለው መስቀለኛ ብረት፣ የባሌስትራ መያዣዎቹና ካቢናውን ለመሸከም ወደ ጎን የሚወጡት ክንዶች ናቸው። በሞተሩና በካቢናው መካከል ያለው ግድግዳም እንደ ሌላው ቦዲ አሉሚኒየም ሳይሆን ብረት ስለሆነ፣ የእግር መርገጫውንና የበር ማጠፊያ የሚታሰርበትን ምሰሶ በደንብ ይፈትሹ። አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ነጭ ዱቄት ካዩ ከሥሩ መበላት አለ ማለት ነው።

ዝገቱ በኋላ በኩል ብቻ ከሆነ ሻንሲው ይድናል። የበሰበሰው ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣና ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራ ይተካል፤ በዝገት ላይ ላሜራ ለጥፎ መበየድ ግን ብልሽቱን መሸፈን ብቻ ስለሆነ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ከመቁረጥዎ በፊት ሻንሲው እንዳይጣመም በጊዜያዊ ብረት ያስሩት፤ የቤንዚን ታንከሩን ያውርዱ፤ ባትሪውን ይፍቱ፤ ውኃ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎችም አይድፈኑ።

ከአጭሯ የሚገኘውን በተመለከተ፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ኮፋኖው፣ የፊት ፓራፋንጎዎቹ፣ የፊት በሮቹና ያልኩት ግድግዳ ለረጅሟ ይሆናሉ። ሻንሲው፣ ባሌስትራዎቹና የኋላው ትራንስሚሲዮን ዘንግ አይሆኑም። ፍሬኑም ይለያያል፤ የአጭሯ ከበሮ 10 ኢንች፣ የረጅሟ 11 ኢንች ነው። የኋላውን ዲፈረንሻል እንዲቀይሩ ማንም ቢመክርዎ አይስሙ፤ አብዛኞቹ ባለ 109 ሲሪየስ 3 መኪኖች ከኋላ ሳልስበሪ የሚባለው ጠንካራ ዲፈረንሻል አላቸው፤ የአጭሯ ግን ጭነት ሲበዛባት ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ በመስበር ትታወቃለች።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. እስከ 1980 የተሠራው 2.25 ሞተር ክራንክ ሻፍቱ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) በሦስት ዋና ኩሽኔታ ላይ የሚዞር ሲሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ አምስት ነው። የሁለቱ ብሎክና ክራንክ ሻፍት አይለዋወጥም። ሞተሩ እንዳለ ቢገባ ችግር የለውም፤ ለእድሳቱ ኩሽኔታ ሲገዙ ግን የትኛው እንደሆነ ለይተው ወደ ሶማሌ ተራ ይሂዱ።

በእኔ እምነት ሙሉዋን ይግዙ። ብዙ ሰው የሚያስበው ሞተሩን ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚያስቆመው ግን የበር እጀታ፣ የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያ፣ የመስታወት ማንሻ፣ ልኩ የጠፋ ቡሎን ነው፤ እነዚህን አንድ በአንድ ሲፈልጉ የሚያጠፉት ቀን ከዋጋቸው ይበልጣል።

መልስ (ከሰበታ)

ስለ ሰነዱ ማንም ስላላነሣ ልናገር። በሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም ይሰፍራል፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲቀየር ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ቁጥሩ አይገናኝም። እኔ ይህን ሳላውቅ ሞተር ቀይሬ፣ የሻጩ ሰነድ እስኪገኝ ድረስ መኪናዬን ለወራት አቁሜያለሁ። የአጭሯን ሊብሬ ሳይረከቡና ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ሳያስመዘግቡ ገንዘብ አይክፈሉ። ሞተሩ ከመውረዱ በፊትም መኪናዎ የተመዘገበችበትን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ምን እንደሚጠይቅ ይረዱ። የሻንሲ ቁጥሯ ከፊት በቀኝ በኩል ባለው የባሌስትራ መያዣ አካባቢ ስለሚመታ፣ ያን ቦታ ባትላሜራው በመፍጫ እንዳይነካው አስቀድመው ይንገሩት።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመዶሻው ፈትሻለሁ፤ ከኋላው መስቀለኛና ከአንድ የባሌስትራ መያዣ በቀር የታፈነ ድምፅ አልሰማሁም። የአጭሯም ሊብሬ አለ። የቀረኝ ስጋት፣ ከአዲሱ ገበያ በሚነሣው የእንጦጦ ዳገት ተጭና ስትወጣ ትሞቅ ይሆን የሚል ነው።

መልስ (ጋራዥ፣ ገላን)

ተገቢ ስጋት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ላይ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ በዝቅተኛ አገር ምንም የማይሆነው ሞተር እዚህ ውኃውን ያፈላል፤ ስለዚህ አዲስ ክዳን ይግዙለት። ብዙ መካኒኮች ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውኃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥተው ይጥላሉ፤ በዚህ ሞተር ላይ ግን ከፊሉ ውኃ በራዲያተሩ ሳያልፍ በአጭሩ ቱቦ ስለሚመለስ ሙቀቱን ያባብሰዋል። አየሩ ስስ በመሆኑም ካርቡራተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ከያዙ መጀመሪያ የካርቡራተሩ (ስሙ ዜኒት ይባላል) የሚገጣጠሙት ፊቶች አለመጣመማቸውን በቀጥ ያለ ብረት ይፈትሹ።

ሞተሩ ከተገለበጠ መኪና ስለሚወጣ ደግሞ በሞተሪኖ ለማስነሣት አይቸኩሉ። ዘይት ወደ ሲሊንደሮቹ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ዘይት አይታመቅምና ፒስቶኑ ሲገፋው ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ያጣምማል። አራቱንም ካንዴላ ፈትተው ሞተሩን በእጅ ደጋግመው ያዙሩ፤ በካንዴላው ቀዳዳ የሚወጣው ዘይት ሲያቆም ያን ጊዜ ያስነሡት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሆለታ መንገድ የምሄድበት ጉዳይ ስላለኝ፣ ከፈለጉ ከመክፈልዎ በፊት አብረን እናያታለን።